«ለጀማሪ ከሩገር 10/22 ሌላ አያስፈልግም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በአሜሪካ ለሚኖሩ አማርኛ አንባቢዎች በቅርቡ የቀረበ አንድ ጽሑፍ፣ ለመዝናኛ ዒላማ መተኮስ የሚጀምር ሰው ሩገር 10/22 የተባለውን ጠመንጃ ገዝቶ ነገሩን መዝጋት እንዳለበት ይመክራል። የቼክ ሪፐብሊኩ ሲዚ 457 በአንጻሩ ልምድ ላላቸውና ገንዘብ ለተረፋቸው ሰዎች የሚተው ሁለተኛ ጠመንጃ እንደሆነ ይደመድማል። ጸሐፊው ምክንያቶቻቸውን በቅደም ተከተል አስቀምጠዋል፤ ሩገር ይረክሳል፣ ብዙ ስለሚያስተኩስ ቶሎ ያስተምራል፣ ሲሳብ ከበድ የሚለው ምላጩ ጀማሪውን ከአደጋ ይጠብቀዋል፣ ጥቂት ዕቃ ከተቀየረለት በትክክለኛነት ከሲዚው አያንስም፣ ፈጣን ጥይት መፈለጉም ጥቅም እንጂ ጉድለት አይደለም፣ በዚያ ላይ ዕድሜው 18 ለሞላ ሰው ሁሉ መግዛቱ ቀላል ነው ይላሉ። ሩገር 10/22 መልካም ጠመንጃ ስለመሆኑ ከእርሳቸው ጋር ክርክር የለኝም። የማልስማማው ለጀማሪ የሚመረጥበትን ሚዛን ባስቀመጡበት መንገድ ነው። አስተማሪ አጠገቡ ለሌለው አዲስ ተኳሽ እንደ ሲዚው በእጅ የሚቀባበለው ጠመንጃ የተሻለ መነሻ ይመስለኛል፤ ነጥቦቹንም እርሳቸው ባነሱበት ቅደም ተከተል እመልሳለሁ።

በቅድሚያ ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ላስረዳ። ሁለቱም ጠመንጃዎች የሚተኩሱት .22 ሎንግ ራይፍል የተባለውን፣ እ.ኤ.አ. በ1887 በአሜሪካው ስቲቨንስ ኩባንያ የተሠራውን ትንሽ ጥይት ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ጥይቱ ሪምፋየር የሚባለው የሚያቀጣጥለው ቅመም በቀለሁ ጠርዝ ውስጥ ስለሚገኝና መምቻውም ያንኑ ጠርዝ ስለሚመታ ነው። ትከሻ ላይ የሚያርፈው ምት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ለጀማሪ የሚመከረውም በዚህና በርካሽነቱ ነው። ከ1964 ጀምሮ ለገበያ የቀረበው ሩገር 10/22 በተኩሱ ግፊት ራሱ ቀለሁን አስወጥቶ ቀጣዩን ጥይት ያጎርሳል። በኡኸርስኪ ብሮድ ከተማ የሚሠራውና በ2019 ገበያ ላይ የዋለው ሲዚ 457 ግን ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ እጀታው ተነሥቶ፣ ወደ ኋላ ተስቦ፣ እንደገና መቀባበል አለበት።

ወደ ዋጋው እንምጣ። ጸሐፊው የሁለቱን የመደርደሪያ ዋጋ አነጻጽረው በዚያው አቆሙ። መነሻው ሩገር 300 ዶላር አካባቢ፣ ሲዚ 457 ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ500 ዶላር በላይ እንደሚሸጥ እውነት ነው። እንዲያውም ለራሳቸው ክርክር የሚጠቅማቸውን አንድ ነገር ዘልለውታል፤ የሩገሩ መነሻ ሞዴል ከነማነጣጠሪያው ሲመጣ፣ 457 አሜሪካን የተባለው ሞዴል ግን ያለ ማነጣጠሪያ ስለሚሸጥ ገዢው መነጽርና ማሰሪያውን ለብቻ መግዛት ግድ ይለዋል። ይህን ሁሉ ደምረን ልዩነቱን 300 ወይም 400 ዶላር እናድርገው። ነገር ግን የጠመንጃ ዋጋ አንድ ጊዜ ተከፍሎ ያበቃል፤ የጥይት ዋጋ አያበቃም። በሳምንት 200 ጥይት የሚተኩስ ሰው በዓመት ወደ 10,000 ይደርሳል፤ አንዱን ጥይት በ8 ሳንቲም ብናሰላው 800 ዶላር ይሆናል። ራሱ በሚያቀባብል ጠመንጃ 200 ጥይት የአንድ ሰዓት ሥራ ሲሆን፣ በእጅ ለሚቀባበለው ግን ግማሽ ቀን የሚያስቆይ ነው። ስለዚህ በርካሽ ገዛሁ ያለው ሰው ልዩነቱን በጥይት መልክ በአንድ ዓመት ውስጥ ሊከፍለው ይችላል፤ ይህ እንግዲህ በኋላ የምመለስበትን የዕቃ መቀያየር ወጪ ሳንጨምር ነው።

ሁለተኛውና ዋናው ነጥብ መማር ነው። ጸሐፊው በአንድ ከሰዓት 500 ጥይት የተኮሰ ሰው 250 ከተኮሰው እጥፍ ይማራል የሚል ስሌት አላቸው። ዒላማ መተኮስ ግን በቁጥር ብዛት የሚገኝ ችሎታ አይደለም። አዲስ ተኳሽ የሚማረው አተነፋፈሱን መግዛት፣ ማነጣጠሪያውን ዒላማው ላይ ማሳረፍ፣ ምላጩን አፈሙዙ ሳይነቃነቅ መሳብ፣ ከዚያም ጥይቱ በወጣባት ቅጽበት ማነጣጠሪያው የት እንደነበረ ዓይኑን ሳይጨፍን አይቶ መያዝ ነው። ይህ የመጨረሻው ከሁሉም ይከብዳል። ጥይቱ በተተኮሰበት ቅጽበት ማነጣጠሪያው ወደ ቀኝ ዘንበል ብሎ እንደነበር ማየት የቻለ ሰው ዒላማውን ሳይመለከት ጥይቱ በስተቀኝ እንዳረፈ ይናገራል፤ ያላየ ሰው ግን ቀዳዳዎቹን እየቆጠረ ምክንያታቸውን ሲገምት ይውላል።

በእጅ የሚቀባበለው ጠመንጃ ይህንን በግድ ያስተምራል። እጁ ከምላጩ ይነሣል፣ ቀለሁ ይወጣል፣ አዲሱ ጥይት ይጎርሳል፣ ተኳሹም አያያዙንና ትንፋሹን እንደ አዲስ ያስተካክላል። በዚህ መካከል የሚያልፉት ሦስትና አራት ሰከንዶች፣ ያየውንና የሆነውን ለማነጻጸር የሚያስችሉ ናቸው። በሩገሩ ግን ሁለተኛው ጥይት ከመጀመሪያው ስሕተት ጋር ሳይታረም ይከተላል፣ ሦስተኛውም እንዲሁ፤ አሥሩ ጥይት ሲያልቅ ዒላማው ላይ የቀረው የተበታተነ ቀዳዳ ከየትኛው ስሕተት እንደመጣ የሚለይ የለም። ሩገሩም ቢሆን ካዝናው ውስጥ አንድ አንድ ጥይት ብቻ እየተጨመረ ሊተኮስበት ይችላል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፣ ይቻላል። ነገር ግን ይህን የሚያደርገው ራሱን መግታት የለመደ ሰው ነው፤ ጀማሪው ገና ያላገኘውም ይህንኑ ልማድ ነው። አሥር ጥይት የሚይዝ ካዝና ይዞ ሁለት ብቻ የሚያስገባ አዲስ ተኳሽ በጣም ጥቂት ነው፤ በተለይ ጓደኞቹ አጠገቡ ቆመው ከሆነ።

ስለ ምላጩ የተባለው ከሁሉም ይልቅ አስገርሞኛል። ከፋብሪካ የሚወጣው የሩገር 10/22 ምላጭ በአብዛኛው 6 ፓውንድ ገደማ፣ ማለትም 2.7 ኪሎ ግራም የሚመዝን ኃይል ይፈልጋል። ጠመንጃው ራሱ ግን 5 ፓውንድ ወይም 2.3 ኪሎ ግራም ነው። የሚሳበው ኃይል ከሚሳብበት ዕቃ ክብደት ሲበልጥ አፈሙዙ የማይነቃነቅበት ምክንያት የለም፤ ይህንን ለመቆጣጠር ደግሞ የጠነከረ ጣት ሳይሆን የብዙ ዓመት ልምድ ያስፈልጋል። ጸሐፊው ይህ ክብደት ሳይታሰብ ከሚወጣ ጥይት ይጠብቃል ይላሉ። ሳይታሰብ የሚወጣን ጥይት የሚከለክለው ጣትን ለመተኮስ እስኪወስኑ ድረስ ከምላጭ ማራቅ፣ አፈሙዙንም ምንጊዜም ጉዳት ወደማያደርስበት አቅጣጫ ማድረግ ነው። ምላጩ ከባድ ስለሆነ ጣቱን እዚያው ማሳረፍ የለመደ ሰው በሌላ ቀን ቀላል ምላጭ ያለው ጠመንጃ ሲጨብጥ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። የሲዚ 457 ምላጭ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ የሚስተካከል ሲሆን ከሩገሩ ከግማሽ በታች ወደሆነ ክብደት ሊወርድ ይችላል፤ ጀማሪ ግን ወደ ታችኛው ጫፍ ባያወርደው ይመረጣል።

ትክክለኛነትን በተመለከተ ጸሐፊው ሩገሩ ምላጩ፣ በርሜሉና ሰደፉ ከተቀየረ ከሲዚው ጋር እኩል እንደሚሆን ጽፈዋል። ትክክል ናቸው፣ ይሆናል። ለሩገር 10/22 የሚሸጠው መለዋወጫ ብዛት ከማንኛውም ሪምፋየር ጠመንጃ ስለሚበልጥ፣ አንድም የሩገር ፋብሪካ ዕቃ ሳይኖርበት ሙሉ ጠመንጃ መገጣጠም ይቻላል። ነገር ግን እንዲህ የተለወጠ ጠመንጃ በመጀመሪያው ነጥባቸው ላይ የቆጠሩት ባለ 300 ዶላሩ ጠመንጃ አይደለም። ራሱ ሩገር የሚሸጠው የተሻለ ምላጭ ወደ 100 ዶላር ይጠጋል፤ ጥሩ በርሜል ሲጨመር ከሲዚው ዋጋ ጋር ይስተካከላል፤ ሰደፍ ሲጨመር ደግሞ ይበልጣል። በአንዱ ክርክር ርካሹን፣ በሌላው ደግሞ የተሻሻለውን ጠመንጃ ማቅረብ ለአንባቢ የሚጠቅም ንጽጽር አይመስለኝም። እንደወጣ እንዳለ ሲነጻጸሩ ግን ልዩነቱ የሚታይ ነው። የሩገሩ በርሜል ከአልሙኒየም ከተሠራው አካል ጋር የሚያያዘው ሁለት ብሎን ባለው ማጥበቂያ ሲሆን፣ ጥይት የሚጎርስበት ክፍልም የቆሸሸም ሆነ ርካሽ ጥይት ሁሉ ያለችግር እንዲገባበት ሲባል በመጠኑ ሰፋ ተደርጎ ይሠራል። ይህ ለሥራው የሚያስፈልግ ምርጫ እንጂ ግድየለሽነት አይደለም፤ በ50 ያርድ ላይ ግን ጥይቶቹ አንድ ቦታ ተሰብስበው እንዳያርፉ ያደርጋል።

ከዚሁ ጋር የተያያዘው ፈጣን ጥይት የተሻለ ነው የሚለው አስተያየት በቀጥታ ስሕተት ነው። 40 ግሬን ወይም 2.6 ግራም የሚመዝነው የተለመደው አረር በሁለት ዋና ዋና ፍጥነቶች ይሸጣል። መደበኛ ፍጥነት የሚባለው በሰከንድ ወደ 1,070 ጫማ ይጓዛል፤ ከፍተኛ ፍጥነት የሚባለው ደግሞ ከ1,200 ጫማ ያልፋል። የድምፅ ፍጥነት በሞቃት አየር ከ1,120 ጫማ ትንሽ ከፍ ይላል። እንግዲህ ፈጣኑ አረር ከድምፅ ቀድሞ ይወጣና መንገድ ላይ ፍጥነቱ እየቀነሰ ሲሄድ ወደ ድምፅ ፍጥነት ይወርዳል፤ በዚህ መተላለፊያ ላይ የአየሩ ግፊት ስለሚለዋወጥ አረሩ ይናወጣል። መደበኛው ከመነሻውም ከድምፅ በታች ስለሆነ ይህ አይገጥመውም። ከዚህ ይበልጥ የሚያስገርመው የነፋሱ ነገር ነው፤ በ100 ያርድ ላይ የጎን ነፋስ ከመደበኛው ይልቅ ፈጣኑን .22 አብልጦ ይገፋዋል። አረርን ከመንገዱ የሚያስወጣው አየር ውስጥ የቆየበት ጊዜ ብቻ ሳይሆን በአየሩ ምክንያት ያጣው ፍጥነትም ስለሆነ፣ ብዙ ፍጥነት የሚያጣው ብዙ ይገፋል። የዒላማ ውድድር ጥይቶች፣ በኦሎምፒክ የ50 ሜትር ጠመንጃ ውድድር የሚተኮሱትን ጨምሮ፣ ከድምፅ በታች የሚጓዙት በዚህ ምክንያት ነው። በእርግጥ ዝግተኛው በፍጥነት ይወድቃል፤ በ50 ያርድ ላይ የተስተካከለ ጠመንጃ በ100 ያርድ ከ6 ኢንች በላይ ዝቅ ብሎ ይመታል። ነገር ግን የስበት መውደቅ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ ማነጣጠሪያውን በማስተካከል ይታረማል፤ ነፋስ ግን ስለሚለዋወጥ እንዲያ በቀላሉ አይታረምም።

ራሱን የሚያቀባብለው ጠመንጃ ለመሥራት የተወሰነ ግፊት ስለሚፈልግ አንዳንድ ሩገሮች መደበኛውን ጥይት በደንብ ሲያስኬዱ ሌሎቹ ይሰናከላሉ። ድምፁ እንዲቀንስ ተብሎ የሚሠራው በሰከንድ 710 ጫማ የሚጓዘው ጥይት ደግሞ በአብዛኛው ቀለሁን አስወጥቶ ቀጣዩን ለማጉረስ አቅም ያንሰዋል። በእጅ ለሚቀባበለው ይህ ሁሉ ልዩነት የለውም፤ ጥይቱ እስከገባ ድረስ የሚያቀባብለው የሰው ክንድ ነው። ጀማሪ የተለያዩ ጥይቶችን እየገዛ ጠመንጃው የሚወደውን ለማግኘት ሲሞክር ይህ ነጻነት ትልቅ ዋጋ አለው። አንድ ሪምፋየር በአንዱ ዓይነት ጥይት ጥሩ ሆኖ በሌላው መጥፎ ሊሆን ስለሚችል የሙከራው ጊዜ አጭር አይደለም።

ጸሐፊው ያላነሡት፣ እኔ ግን ከሁሉም አስቀድሜ የማነሣው፣ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ሩገር 10/22 የመጨረሻው ጥይት ሲተኮስ ጥይት አጉርሶ የሚዘጋው መቀርቀሪያው ክፍት ሆኖ አይቆይም፤ ተኳሹ በእጁ ወደ ኋላ ስቦ ማቆሚያውን መጠቀም አለበት። ካዝናውን ማውጣትም ብቻውን በቂ አይደለም፤ የጎረሰ ጥይት ካለ ካዝናው ወጥቶም ይተኮሳል። ይህ የመጨረሻው በሲዚውም ላይ እውነት ነው፤ ሆኖም በእጅ የሚቀባበለው ጠመንጃ ክፍት ሆኖ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ የተኩስ ሜዳው ተቆጣጣሪ ከሩቅ አይቶ ይረዳል፤ ሲያስፈልግም መቀርቀሪያው ጨርሶ ይወጣል። ሪምፋየር ጥይት ደግሞ ከሌሎች ይልቅ ይከሽፋል። ምላጩ ተስቦ ጥይቱ ካልወጣ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳደረጉ 30 ሰከንድ ያህል መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ዘግይቶ ሊተኮስ ስለሚችል። ጽዳትም እንዲሁ ነው። የመደበኛው ሩገር አካል ከኋላ የተዘጋ በመሆኑ መወልወያው የሚገባው በአፈሙዙ በኩል ነው፤ በዘንግ በተደጋጋሚ ከተወለወለም የአፈሙዙ ጫፍ ይጎዳል። ከኋላ የሚጎተት ገመድ መጠቀም መፍትሔ ነው። በሲዚው መቀርቀሪያው ከወጣ በኋላ በርሜሉ ከኋላ በኩል ይወለወላል።

ጸሐፊው ስላነሡት፣ 25 ጥይት ስለሚይዘው የሩገሩ ካዝና ብዙም አልልም። በሆዱ ተኝቶ ወይም ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ ለሚተኩስ ሰው ከታች የተንጠለጠለው ረጅም ካዝና መሬቱን ወይም ጠረጴዛውን ይነካል፤ ከጠመንጃው ጋር የሚመጣው ባለ 10ሩ ክብ ካዝና ግን ከሰደፉ ጋር እኩል ስለሚቀመጥ በጣም ይመቻል። ብዙ የተኩስ ሥፍራዎች አከታትሎ መተኮስን ይከለክላሉ። በሜሪላንድ ደግሞ፣ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩበት ክፍለ ግዛት ስለሆነ ነው ይህን የምጠቅሰው፣ ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ ካዝና መሸጥም ሆነ መግዛት አይፈቀድም። ጽሑፉ ይህን እንደ ትልቅ መሳቢያ ማቅረቡ አልተዋጠልኝም።

ጸሐፊው ለሩገሩ ጠንካራ የሆኑትን ክርክሮች ሳያነሡ መቅረታቸውንም ልጠቁም፤ እኔ በእርሳቸው ቦታ ብሆን በእነዚህ እጀምር ነበር። አፕልሲድ በተባለው የጠመንጃ ሥልጠና ተሳታፊዎች በ25 ሜትር ላይ፣ ክንዳቸውን በጠመንጃው ማንገቻ አስረው፣ ከተወሰነ ጊዜ ጋር እየተሽቀዳደሙ ይተኩሳሉ። እዚያ መቀርቀሪያውን ለማቀባበል እጅን ማንሣት የተስተካከለውን የሰውነት አቋም ያናጋል፤ ራሱ የሚያቀባብለው ግን አቋሙን ሳያስለቅቅ ያስተኩሳል። ስቲል ቻሌንጅ በሚባለው የብረት ዒላማ ፍጥነት ውድድርም በእጅ የሚቀባበል ጠመንጃ ይዞ መሄድ መሸነፍን አስቀድሞ መቀበል ነው። ኩባንያው እንደሚገልጸው ሩገሩን ያለ ጥይት ምላጩን እየሳቡ ቤት ውስጥ መለማመድ አይጎዳውም፤ ለሌሎች ብዙ ሪምፋየሮች ይህ አይመከርም። ደግሞም ቀላልና አጭር ነው፤ መነሻው ሞዴል 94 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ረጅም በርሜል ያለው 457 ለአጭር ሰውና ለልጅ በአፈሙዙ በኩል ይከብዳል። ለልጅ የሚገዛ ወላጅ ግን 457 ስካውት የተባለውን ይመልከት፤ ሰደፉና በርሜሉ አጠር ያሉ ናቸው፣ ጥይትም አንድ አንድ ብቻ እያስገቡ ለመተኮስ የሚያስችል ማስገቢያ አብሮት ይመጣል። ልጅ የሚያስተምር ሰው ከዚህ የተሻለ ነገር የሚያገኝ አይመስለኝም። ከልምምዱ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብም መዘንጋት የለበትም፤ የአብዛኛው .22 አረርም፣ የሚያቀጣጥለው ቅመምም እርሳስ አለበት።

የመጨረሻው ነጥባቸው መግዛቱ ለማንኛውም 18 ዓመት ለሞላው ሰው ቀላል ነው የሚለው ነው። ይህ ከሌሎቹ የተለየ ስሕተት ነው፤ ሌሎቹ ገንዘብ ያስከስራሉ፣ ይህኛው ግን በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ሰውን ወንጀለኛ ሊያደርግ ይችላል። በፌዴራሉ ሕግ ፈቃድ ካለው ነጋዴ ጠመንጃ ለመግዛት ዕድሜ 18 መሙላት ያለበት መሆኑ እውነት ነው፤ ይህን ወደ 21 ያሳደጉ ክፍለ ግዛቶችም አሉ። ገዢው ፎርም 4473 የተባለውን የግዢ ቅጽ ይሞላል፣ የወንጀል ታሪኩም ይጣራል። በ2022 በወጣው ሕግ መሠረት ዕድሜው ከ21 በታች የሆነ ገዢ ተጨማሪ ማጣራት ስለሚደረግበት ጉዳዩ እስከ 10 የሥራ ቀናት ሊቆይ ይችላል። ከሁሉም በላይ ጸሐፊው ያልነገሩን የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ አለ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው እንደ ዜጋ መግዛት ይችላል። በጊዜያዊ ቪዛ፣ ለምሳሌ በጎብኚነት ወይም በተማሪነት ያለ ሰው ግን፣ ጸንቶ ያለ የአደን ፈቃድ መያዝን ከመሰሉ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ የተከለከለ ነው። ክልከላው መግዛትን ብቻ ሳይሆን ጠመንጃም ሆነ ጥይት መያዝን ስለሚጨምር፣ ዘመዱ ጋር ሄዶ የዘመዱን ጠመንጃ ተቀብሎ መተኮስም ሆነ በተኩስ ሥፍራ መከራየት ከዚያው ውስጥ ይገባል። ከአገር ቤት ሊጠይቃችሁ የመጣውን ወንድማችሁን ወይም የአክስታችሁን ልጅ ለአንድ ቅዳሜ ይዛችሁ ለመሄድ ካሰባችሁ፣ ሩገር ወይስ ሲዚ ከማለታችሁ በፊት ቪዛውን እዩ፤ ጥርጣሬ ካላችሁም የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቁ።